ከዘፋኙ በስተኋላ የቆሙት

(በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ምሽት በመጨረሻው ክፍል ተማሪዎች ስም የተነበበ ንግግር)



የመጨረሻው ክፍል ተማሪዎች በዚህ በዓል ስለ ቀድሞ ዘፈኖችና ዘፈኖቹ ስለ ተቀረጹባቸው ተንቀሳቃሽ ሥዕሎች ንግግር እንድናደርግ ፈቃድ ስለ ተሰጠን አስቀድመን ምስጋናችንን እናቀርባለን። ንግግሩ ካለቀ በኋላ በዚሁ አዳራሽ አራት አጫጭር ፊልሞች ይታያሉ። ሁለቱ ጥቁርና ነጭ ናቸው፤ ሁለቱ ባለ ቀለም ናቸው። ከእናንተ መካከል በወጣትነታችሁ ያያችኋቸው ትኖራላችሁ። እኛ ያየናቸው በእጅ ስልካችን ላይ ነው። ዛሬ አንድ ልጅ ከአያቱ ሠርግ በፊት የተዘፈነውን ዘፈን ምሳውን እየበላ ከዩቱዩብ ከፍቶ ለማየት ይችላል።

ፈቃዱ የተገኘው ግን ያለ ክርክር አይደለም። አንዳንድ ወላጆች፥ «የወንጌል መልእክተኞች ባቆሙት ትምህርት ቤት ውስጥ ዘፈን ምን ያደርጋል?» ብለው ጠይቀዋል። ጥያቄው ተገቢ ስለ ሆነ ሳንሸሽ እንመልሳለን። ሐዋርያው ጳውሎስ ወደ ገላትያ ሰዎች በጻፈው መልእክት በምዕራፍ 5 ላይ ከሥጋ ሥራዎች መካከል «ዘፋኝነት» የሚል ቃል በአማርኛው መጽሐፍ ቅዱስ እንደሚገኝ እናውቃለን፤ በሰንበት ትምህርት ቤት በቃላችን ያጠናነው ነው። በግሪኩ ያለው ቃል ግን የሰካራሞችን የሌሊት ፈንጠዝያ የሚያመለክት ነው እንጂ ድምፅን ከመሣሪያ ጋር አስማምቶ ማሰማትን አይደለም። ስካሩንና ቅጥ ያጣውን ጭፈራ እኛም አንወድም። ከአገሩ የራቀ ሰው በናፍቆት የሚያዜመውን ግን በዚያ ስም ብንጠራው በደል ይመስለናል። ደግሞም በአራት ድምፅ መዘመርን፥ ባሱን ከቴኖሩ ለይቶ መስማትን የተማርነው እዚሁ በሃርሞኒየሙ አጠገብ ነው። በመዝሙር የተከፈተ ጆሮ በዘፈን ጊዜ ይዘጋ ቢባል እንዴት ይሆናል?

ስለ ክርክሩ ይህን ያህል ከተናገርን ይበቃል፤ ወደ ቁም ነገራችን እንለፍ።

ፊልሞቹን በየቤታችን ከሽማግሌዎቻችን ጋር ተቀምጠን አይተናቸዋል። አያቶቻችን ዘፋኙ ገና አፉን ሳይከፍት ማን እንደ ሆነ ይናገራሉ። «ይኼ ጥላሁን ነው»፤ «ይቺ ብዙነሽ ናት»፤ «ማሕሙድ ያኔ እንዴት ያለ ቀጭን ልጅ ነበር!» ይላሉ። ከዚያ በኋላ፥ «ከኋላ ሳክስፎን የሚነፋውስ ማን ነው? ግጥሙን የጻፈው ማን ነው? ዜማውንስ የደረሰው?» ብለን ስንጠይቃቸው ዝም ይላሉ። ሃምሳና ስድሳ ዓመት የወደዱትን፥ አንድ ቃል ሳያስቱ የሚያወርዱትን ዘፈን እነማን እንደ ሠሩት አያውቁም። ፊልሙን በዩቱዩብ ላይ ያኖረውም ሰው የጻፈው የዘፋኙን ስም ብቻ ነው። ዛሬ ለመናገር የተነሣነው ስለ እነዚህ ስማቸው ስላልተጻፈ ሰዎች ነው።

በጥንቱ የአገራችን ልማድ ይህ ጥያቄ አይነሣም ነበር፤ ሠሪው አንድ ሰው ነበርና። አዝማሪው ግጥሙን ራሱ ይገጥማል፥ መሰንቆውን ራሱ ይመታል፥ ራሱ ያዜማል፤ ሽልማቱም ቁጣውም የሚደርሰው ለራሱ ነው። ከኢትዮጵያውያን መካከል በመጀመሪያ ድምፃቸውን በሸክላ ያስቀረጹት ነጋድራስ ተሰማ እሸቴም እንዲሁ ነበሩ። በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን የአውቶሞቢል ሥራ እንዲማሩ ወደ ጀርመን አገር ተልከው ሳሉ፥ በ1900 ዓ.ም. ግድም በበርሊን ከተማ አያሌ ሸክላዎች አስቀርጸዋል። ስለ ሞተር ሊማር የሄደ ሰው ዘፈኑን ለታሪክ አስቀምጦ መምጣቱ እኛን እጅግ ደስ አሰኝቶናል፤ የፊዚክስ መምህራችን ግን እንደ እኛ አልሳቁም።

ሥራው ለብዙ ሰው የተከፋፈለው የነሐስ መሣሪያና የኖታ ትምህርት እየተስፋፋ ከሄደ ወዲህ ነው። በ1916 ዓ.ም. አልጋ ወራሽ ራስ ተፈሪ መኰንን ኢየሩሳሌምን በጐበኙ ጊዜ ወላጆቻቸው በፍጅት ያለቁባቸው 40 የአርመን ልጆች በነሐስ መሣሪያ ሲጫወቱ ሰምተው ወደ አዲስ አበባ አስመጧቸው። «አርባ ልጆች» የተባሉት እነዚህ ናቸው። መሪያቸው ሙሴ ኬቮርክ ናልባንዲያን የኢትዮጵያን ብሔራዊ መዝሙር ዜማ ደረሱ፤ ግጥሙን የጻፉት ዮፍታሔ ንጉሤ ነበሩ። መዝሙሩ በ1923 ዓ.ም. በዘውዱ በዓል ተሰምቶ የንጉሠ ነገሥቱ መንግሥት እስኪያበቃ ድረስ አገልግሏል። የወንድማቸው ልጅ ሙሴ ነርሲስ ናልባንዲያን ደግሞ በማዘጋጃ ቤቱ የሙዚቃ ጓድ፥ በኋላም በ1948 ዓ.ም. በተከፈተውና ዛሬ ብሔራዊ ቴአትር በሚባለው በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቴአትር ውስጥ ብዙ ተማሪዎች አፍርተዋል፤ የአገራችንንም ዜማ ለትልቅ ኦርኬስትራ አቀናብረዋል። ወላጅና አገር ያጡ ልጆች የሰውን አገር ልጆች መለከት አስተማሩ ማለት ነው። ይህን ያህል ያደረጉትን ሰዎች ከእኛ ክፍል ውስጥ፥ ይህን ንግግር ከማዘጋጀታችን በፊት፥ በስም የሚያውቃቸው ሁለት ተማሪ ብቻ ነበር።

እንግዲህ አያቶቻችን «ወርቃማ» የሚሉት ዘመን ዘፈን እንዴት ይሠራ እንደ ነበረ እንመልከት። ታላላቆቹ የሙዚቃ ጓዶች የመንግሥት ነበሩ፤ የክቡር ዘበኛ፥ የምድር ጦር፥ የፖሊስ ሠራዊት፥ የማዘጋጃ ቤትና የቴአትር ቤቱ ጓዶች ይባሉ ነበር። መለከቱና ሳክስፎኑ የመንግሥት ንብረት ነው፤ በጦሩ ጓድ ውስጥ ያለው ነፊ ወታደር ነው፤ የሚከፈለውም የወታደር ደመወዝ ነው። አንዱ ግጥም ይጽፋል፤ ሌላው ዜማ ያወጣለታል፤ ሦስተኛው ለመለከቱ፥ ለትሮምቦኑ፥ ለሳክስፎኑ እያከፋፈለ በኖታ ያቀናብረዋል። ከዚያ በኋላ ጓዱ በሙሉ ተሰብስቦ ይለማመደዋል። ዘፋኙ መጥቶ በፊት የሚቆመው ይህ ሁሉ ሰው ከደከመ በኋላ ነው። የክቡር ዘበኛው ኮሎኔል ሣህሌ ደጋጎ ዜማዎቻቸው በጥላሁን ገሠሠ አንደበት በየቤቱ ሲገቡ የእሳቸው ስም ግን ከደጅ ቀርቷል።

የአንድ ሰው ወታደርነትና ዘፋኝነት መቀላቀሉ መከራም ነበረበት። በታኅሣሥ 1953 ዓ.ም. የክቡር ዘበኛ አዛዦች ያደረጉት የመንግሥት ግልበጣ ሙከራ በከሸፈ ጊዜ ከታሠሩት መካከል ጥላሁን ገሠሠም ነበሩ። ከብዙ ዘመን በኋላ፥ ሚያዝያ 11 ቀን 2001 ዓ.ም. ሲያርፉ፥ በመንግሥት ደረጃ የቀብር ሥነ ሥርዓት ተደርጎላቸው ሕዝቡ አደባባዩን ሞልቶ አልቅሶላቸዋል። ክብሩ የተገባ ነው፤ የምንከራከረው ክብር በዛ ብለን አይደለም።

ወላጆቻችን ደጋግመው የሚነግሩን ሌላ ነገር አለ፤ ይኸውም የድሮ ዘፈን ጨዋ ነበረ፥ የዛሬው ግን ጩኸት ነው የሚል ነው። በአክብሮት እንቃወማለን። ከፖሊስ ሠራዊት ኦርኬስትራ የወጡት ዓለማየሁ እሸቴ በወጣትነታቸው «የኢትዮጵያው ኤልቪስ» ይባሉ ነበር፤ የጄምስ ብራውንም ስም ተጨምሮላቸዋል። በፊልም ላይ የሚታየው ጠጕራቸውና የሱሪያቸው ስፋት ዛሬ በዚህ ትምህርት ቤት በር የሚያሳልፍ አይመስለንም። የኤሌክትሪክ ጊታር በጊዜው የባዕድ ጩኸት ተብሎ ያልተነቀፈ ይመስል፥ ያኔ የነቀፉት ሽማግሌዎች ስለ ሞቱ ብቻ ነቀፋው ተረሳ። አማኑኤል ይስጥልን ብለን ይህን ነገር እዚህ ላይ እንተወዋለን፤ ከፊት የተቀመጡት አንዳንድ አባቶች ፊታቸውን ሲያኮሳትሩ እናያለን።

የእኚሁ የዓለማየሁ እሸቴ ድምፅ በሸክላ የወጣበት መንገድ ራሱ ታሪክ ነው። ሸክላ የማሳተም መብት በንጉሠ ነገሥቱ መንግሥት ትእዛዝ ለሀገር ፍቅር ማኅበር ብቻ የተሰጠ ነበር። አምኃ እሸቴ የሚባሉ የሙዚቃ መደብር የነበራቸው ወጣት ግን በ1961 ዓ.ም. ደፍረው በራሳቸው ስም ሸክላ ማውጣት ጀመሩ። ሸክላው የሚታተመው በውጭ አገር ነበር። ትንሽ ነው፤ በአንድ ገጹ አንድ ዘፈን፥ በሌላው ገጹ አንድ ዘፈን ይይዛል። ከአንዱ ጓደኛችን ቤት አንድ አግኝተን በእጃችን ይዘነዋል። በመካከሉ ባለው ክብ ወረቀት ላይ የዘፋኙ ስምና የዘፈኑ ርእስ ጐልቶ ታትሟል። በዚያች ጠባብ ክብ ላይ ስምንትና ዐሥር ሰው ማስፈር እንደማይቻል ገብቶናል፤ የመርሳቱ አንደኛው ምክንያት ክፋት ሳይሆን የወረቀቱ ጥበት ነው። አምኃ እሸቴ ከመቶ በላይ ሸክላዎች ካወጡ በኋላ በአብዮቱ ጊዜ ወደ አሜሪካ ተሰደዱ። በ2013 ዓ.ም. በሚያዝያ ወር አረፉ፤ ዓለማየሁ እሸቴም በዚያው ዓመት በነሐሴ ወር ተከተሏቸው።

ከነፊዎቹ መካከል ስማቸው ያልጠፋ አሉ። ከሁሉ ይልቅ የወደድናቸው ጌታቸው መኩሪያ ናቸው። ሽለላ ምን እንደ ሆነ ለእናንተ መናገር ድፍረት ነው፤ ለታናናሾቻችን ግን እንናገራለን። ተዋጊው ወደ ጦርነት ሲሄድና ድል አድርጎ ሲመለስ የሚያሰማው የፉከራ ዜማ ነው፤ እንደ ጭፈራ ዘፈን ልኩ የተቆረጠ ምት የለውም፤ ትንፋሽ ሲረዝም ይረዝማል፥ ሲቆረጥ ይቆረጣል። ጌታቸው መኩሪያ ይህንን በሳክስፎን አደረጉት። ቃል የለም፤ ግን የሰው ጕሮሮ ሲንቀጠቀጥ፥ ጋሻ ሲነሣ፥ ፈረስ ሲያሽካካ ይሰማል። አንድ ከአውሮፓ የመጣ የቢጫ ነሐስ ቧንቧ በአንድ ሰው አፍ አማርኛ ተናገረ። ከእኛ መካከል መለከት የሚማረው ጓደኛችን ያንን ሸክላ ሰምቶ ለሦስት ቀን መሣሪያውን አልነካም፤ በአራተኛው ቀን ሲጀምር ጎረቤቶቹ ከብት የታረደ መስሏቸው ወጥተዋል። ጌታቸው መኩሪያ በ2008 ዓ.ም. አረፉ፤ በእርጅናቸው ዘመን ከሆላንድ አገር የሮክ ሙዚቀኞች ጋር እየዞሩ በአውሮፓ አደባባይ ሸልለዋል።

አሁን ወደ ተንቀሳቃሽ ሥዕሉ እንምጣ። የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ሥራውን የጀመረው በ1957 ዓ.ም. ነው። በጥቁርና ነጩ ፊልሞቻችን ላይ ስትመለከቱ ዘፋኙ በፊት ይቆማል፤ ጓዱም ከኋላው አለ። ሁሉም ክራባት አስረዋል። የኖታ ማስቀመጫው ይታያል። መለከት ነፊው ተራው እስኪደርስ መሣሪያውን በጕልበቱ ላይ አድርጎ ይጠብቃል፤ ሲደርስ ብድግ ይላል። ስሙ ባይጻፍም ፊቱ አለ፤ የሚያውቀው ሰው ሊያውቀው ይችላል።

ሥርጭቱ ባለ ቀለም የሆነው በ1977 ዓ.ም. መግቢያ፥ የአብዮቱ 10ኛ ዓመት ሲከበር ነው። በባለ ቀለሙ ፊልም ላይ ግን ጓዱ የለም። ዘፋኙ ብቻውን በአትክልት ቦታ ይመላለሳል፤ ጽጌረዳ ያሸታል፤ ዛፍ ይደገፋል፤ በድንጋዩ ደረጃ ይወርዳል፤ እንደ ገና ጽጌረዳ ያሸታል። ድምፁ ከካሴት የተወሰደ ስለ ሆነ ዘፋኙ ከንፈሩን ብቻ ያንቀሳቅሳል። ጊታሩ፥ ሳክስፎኑ፥ ኦርጋኑ በሙሉ ኃይላቸው ይሰማሉ፤ አንድም ነፊ አንድም መቺ አይታይም። ታናሽ ወንድማችን ይህን አይቶ፥ «ኦርጋኑ ሣሩ ላይ የት ተሰክቶ ነው የሚጮኸው?» ብሎ ጠየቀን። ጥሩ ጥያቄ ነው። በዚያ ዘመን የብዙዎቹ ዘፋኞች ካሴት ከኋላው ሮሃ ባንድ ነበረ፤ ባስ ጊታር የሚመቱት ጆቫኒ ሪኮ፥ ጊታር የሚመቱት ሰላም ሥዩም፥ ኦርጋን የሚጫወቱትና የሚያቀናብሩት ዳዊት ይፍሩ በዚያ ውስጥ ነበሩ። በአገሩ ሁሉ በየአውቶቡሱና በየሻይ ቤቱ ይሰሙ ነበር፤ በአትክልቱ ቦታ ግን አልተጠሩም። ቀለሙ መጣ፥ ሰዎቹ ጠፉ።

በዚያው ዘመን ሌሊት መንቀሳቀስ የሚከለክል የሰዓት እላፊ ነበር። ስለዚህ የሆቴል የሙዚቃ ጓዶች በር ተዘግቶባቸው ከአድማጮቻቸው ጋር እስኪነጋ ይጫወቱ ነበር። ከእነዚህ መካከል በሂልተን ሆቴል ብዙ ዓመት የተጫወተው ዋልያስ ባንድ እ.ኤ.አ. በ1981 ወደ አሜሪካ ለሙዚቃ ጉዞ ሲሄድ ከአባሎቹ ከፊሎቹ በዚያው ቀሩ። ከቀሩት አንዱ ኦርጋን ተጫዋቹ ኃይሉ መርጊያ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1985 አኮርዲዮንና የኤሌክትሪክ መሣሪያዎች ብቻቸውን እየተጫወቱ አንድ ካሴት አወጡ። ከዚያ በኋላ በዋሽንግተን ከተማ ታክሲ እየነዱ ብዙ ዓመት ኖሩ። በታክሲያቸው ከተሳፈሩት ኢትዮጵያውያን ስንቶቹ የእሳቸውን ኦርጋን በሠርጋቸው ጨፍረውበት ይሆን? ደንበኛ ሲጠብቁ መሣሪያቸውን ከመኪናው አውጥተው ይለማመዱ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2013 አንድ አሜሪካዊ ያንን ካሴት እንደ ገና አሳትሞ አወጣው፤ ኃይሉ መርጊያም በእርጅና ዘመናቸው ወደ መድረክ ተመለሱ።

እዚህ ላይ ስንደርስ የምናገኘው ነገር ደስታም ኀፍረትም አለበት። የማሕሙድ አህመድን «እሬ መላ መላ» እ.ኤ.አ. በ1986 በአውሮፓ እንደ ገና ያወጣው የቤልጅግ ማተሚያ ነው። «ኤትዮፒክ» የሚባለውን፥ ከ1997 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በተከታታይ የወጣውን የሸክላዎቻችንን ስብስብ ያዘጋጁት ፈረንሳዊው ሙሴ ፍራንሲስ ፋልሴቶ ናቸው። ከስብስቡ ጋር ትንሽ መጽሐፍ ይገኛል፤ በመጽሐፉ ውስጥ መለከት የነፋው፥ ከበሮ የመታው፥ ያቀናበረው ሰው ስሙ ተጽፏል። እኛ የገዛ አገራችንን ሙዚቀኞች ስም ያገኘነው በእንግሊዝኛና በፈረንሳይኛ ነው። በላቲን ፊደል የተጻፈውን ስም ወደ አማርኛ ስንመልስ፥ ይህ «ጸ» ነው ወይስ «ጠ»? ብለን ተከራክረናል፤ የፈረንሳይኛ መምህራችን አስታርቀውናል። ሙሴ ፋልሴቶን ከልብ እናመሰግናቸዋለን። ነገር ግን የአባቱን ስም ከእንግዳ የሚጠይቅ ልጅ ምን ይሰማዋል? እንዲያ ያለ ስሜት ተሰማን።

በዚህ ምክንያት የሙዚቃ ክበባችን ካለፈው መስከረም ጀምሮ አንድ መዝገብ ከፍቷል። በመዝገቡ በእያንዳንዱ ገጽ ላይ የአንድ ዘፈን ርእስ ተጽፎ፥ ከሥሩ ለግጥም ደራሲው፥ ለዜማ ደራሲው፥ ለአቀናባሪውና ለየመሣሪያው ተጫዋች ቦታ ተትቷል። ይህን ይዘን በከተማችን ያሉ ሽማግሌዎችን ጠይቀናል። አብዛኛው ቦታ ዛሬም ባዶ ነው።

አንድ ቀን ግን በጡረታ የሚኖሩ የቀድሞ ጦር ሙዚቀኛ ቤት ገባን። ዐይናቸው ደክሟል። ስልካችንን ከፊታቸው አቅርበን ጥቁርና ነጩን ፊልም ከፈትንላቸው። ዘፋኙን አላዩትም ማለት ይቻላል፤ ዝም ብለው አዳመጡ። ከዚያም፥ «ልጆቼ፥ መለሱት፤ መለከቱ ጋ መልሱት» አሉ። መለስነው። «ይሄ እገሌ ነው» ብለው ስም ጠሩ። «ጋሼ፥ ፊቱ እኮ በደንብ አይታይም፤ እንዴት ዐወቁት?» ብንላቸው፥ «ፊቱን ምን ያደርግልኛል? ትንፋሹን የሚሰርቀው እዚያች ላይ ነው፤ ስድስት ዓመት ጎኑ ተቀምጬ ነፍቻለሁ» አሉን። በሁለት ሰዓት ውስጥ የሰባት ሰው ስም አጻፉን። የሦስቱን የትውልድ አገር ነገሩን፤ ከሰባቱ በሕይወት ያለው አንድ ብቻ እንደ ሆነም ነገሩን። ስንወጣ፥ «የእኔንስ አልጻፋችሁም?» አሉና ሳቁ። ጽፈናል፤ በገጽ 14 ላይ፥ ሁለተኛ መለከት በሚለው ቦታ ነው። በሚቀጥለው ወር ሌላ ፊልም ይዘን ስንመለስ ታመው አልጋ ላይ አገኘናቸው፤ ልጃቸውም እንዳናደክማቸው ለመነችን። መዝገቡን ዘግተን፥ ሻይ ጠጥተን ተመለስን።

ስለዚህ በዚህ ምሽት ከእናንተ የምንለምነው ነገር አለ። ፊልሞቹ ሲታዩ አታጨብጭቡ፤ ዘፋኙንም ለጊዜው ተዉት። ከኋላ ያሉትን ተመልከቱ። የምታውቁት ሰው ካለ፥ አጎታችሁም ይሁን ጎረቤታችሁ፥ በአንድ ሰፈር አብራችሁ ያደጋችሁት ይሁን፥ እጃችሁን አንሡ፤ ፊልሙን እናቆመዋለን። ሁለት ጓደኞቻችን መዝገቡን ይዘው በግራና በቀኝ በር ቆመዋል። በባለ ቀለሞቹ ፊልሞች ላይ ሰው ስለማይታይ በድምፁ ለማወቅ የምትሞክሩ ካላችሁ ሁለት ጊዜ እናሰማችኋለን። ዛሬ ትዝ ያላላችሁ ነገ ትዝ ቢላችሁ መዝገቡ በቤተ መጻሕፍቱ በመግቢያው ጠረጴዛ ላይ ይገኛል፤ እርሳስ ታስሮበታል።

አሁን የአዳራሹ መብራት እንዲጠፋ እንለምናለን።